በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ጤና ጣቢያ ድጋፍ ከየት ያገኛል?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ደግሞ ያንን እርዳታ ሲያስተዳድር የቆየው ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑ አበቃ። በኤችአይቪ፣ በቲቢ፣ በወባና በእናቶች ጤና ላይ በፕሮጀክት ገንዘብ ሲደገፉ የቆዩ ጤና ጣቢያዎች ከዚያ ወዲህ ሌላ ደጋፊ ፍለጋ ላይ ናቸው። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጤና ጣቢያችን ከፍተኛ የበጀት እጥረት ስላለበት አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን እንጠይቃለን።» ማኅተም ይደረግበታል፣ ለየድርጅቱ ይበተናል፣ መልስ ሳይመጣ ወር ያልፋል።

ደብዳቤው የሚጎድለው ነገር አለ። ምን እንደሚፈለግ፣ ስንት እንደሚፈለግ፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ፣ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራው አይናገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መስጠት ለማይችል አካል ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ከሥር ጀምሮ ማወቅ ይጠቅማል።

ግራንት ማለት ምን ማለት ነው?

ግራንት የማይመለስ፣ ግን ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ብድር ስላልሆነ ወለድም ዋናም አይጠየቅበትም። ነፃ ገንዘብ ነው ማለት ግን አይደለም። ለውሃ የተሰጠ ገንዘብ ለጄኔሬተር ነዳጅ ከዋለ፣ ነዳጁ የቱንም ያህል አስቸኳይ ቢሆን፣ ሰጪው ተመላሽ ሊጠይቅበት ይችላል።

ድጋፉ በሦስት መልክ ይመጣል፦ በጥሬ ገንዘብ፣ በዓይነት (መድኃኒት፣ አልጋ፣ አምቡላንስ፣ ግንባታ) እና በሙያ እገዛ ወይም በሥልጠና። ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ የሚደርሰው አብዛኛው በዓይነት ነው። ጥሬ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሒሳብ የሚያስገባ ለጋሽ ጥቂት ነው። «ገንዘብ ስጡን» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው የሚዳከመውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

የመንግሥት ጤና ጣቢያ መደበኛ በጀት፣ በተለይ ደመወዙ፣ የሚመጣው ከአስተዳደሩ ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሉ፣ ክልሉ ለወረዳው ወይም ለከተማው የጥቅል በጀት ይሰጣል፤ ያንን ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለግብርናና ለሌላው የሚያከፋፍለው የአካባቢው ምክር ቤት ነው።

የውጭ እርዳታ ደግሞ በሦስት መስመር ይፈስሳል። የገንዘብ ቤት ሰዎች «ቻናል 1፣ 2፣ 3» ይሏቸዋል። በቻናል 1 ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነስቶ በክልል ገንዘብ ቢሮ፣ ከዚያም በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ይወርዳል። በቻናል 2 ጤና ሚኒስቴር ይቀበልና በራሱ መስመር በጤና ቢሮዎች በኩል ያወርዳል። በቻናል 3 ለጋሹ ራሱ፣ ወይም የቀጠረው ድርጅት፣ ገንዘቡን ይዞ ሥራውን ይሠራል፤ በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ አያልፍም። የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ በሦስተኛው መስመር ስለነበር፣ ሲቋረጥ ፕሮጀክቱም፣ ሠራተኛውም፣ መኪናውም አብረው ቆሙ።

በቻናል 2 ውስጥ አንድ ሊታወቅ የሚገባ ቋት አለ፤ ጤና ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የዘላቂ ልማት ግቦች አፈጻጸም ፈንድ። አሠራሩን በዕድር ካዝና ማስረዳት ይቻላል፦ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ያዋጡት ይቀላቀላል፣ ወጪው የሚደረገው በጋራ በተስማሙበት ደንብ ነው፤ «የእኔ መቶ ብር ለእገሌ ትሁን» የሚል አባል የለም። በዚህ ቋት የሕክምና መሣሪያ፣ አምቡላንስና የእናቶችና ሕፃናት ጤና ግብዓት በማዕከል ይገዛና ለክልሎች ይከፋፈላል። ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድና ክትባትን የሚደግፈው ጋቪም የሚደራደሩት ከአገር ጋር ነው። ጤና ጣቢያ ለጋቪ ማመልከት አይችልም። የክትባት ማቀዝቀዣው ከተበላሸ መንገዱ ኤምባሲ ሳይሆን የአስተዳደሩ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ጤና ቢሮ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት፦ በማዕከል የሚቀርበውን ነገር ከውጭ ለጋሽ አትጠይቁ። ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ግብዓት የራሳቸው መስመር አላቸው። የውጭ ለጋሽ የሚፈለገው ያ መስመር የማይደርስበት ክፍተት ላይ ነው፤ ውሃ፣ መብራት፣ የማዋለጃ ክፍል ዕድሳት፣ የእናቶች ማቆያ፣ የቆሻሻ ማቃጠያ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ።

ገጠር ነን ወይስ ከተማ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ጤና ተቋም የሚገጥመው ልዩ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ከሌላው ሁሉ የበለጠ መታሰብ ያለበትም ይህ ነው።

በአገሪቱ መመዘኛ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። የሠራተኛው ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ድልድል፣ በጀቱም የሚከተለው ይህንን የሰው ቁጥር ነው። የሰው ቁጥሩ ከየት ይመጣል ቢባል፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት በዚያ ላይ የተሰላ ትንበያ ነው። ትንበያ ሕዝብ በዝግታ ለሚያድግበት አካባቢ ይበቃ ይሆናል። የእርሻ መሬት በጥቂት ዓመታት ኮንዶሚኒየም፣ ፋብሪካና የጨረቃ ቤት የሆነበት ሰፈር ላይ ግን ከእውነቱ በጣም ይርቃል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው በወረቀት ላይ የአገልግሎት ሽፋኑ ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ «ጎበዝ» ይባላል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሩብ ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል። ሁለቱም የሚመጡት ከዚያው ከተሳሳተ የሕዝብ ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ የአስተዳደር ለውጥ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ከነዙሪያቸው በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ። ትናንት «የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ» ተብሎ በሚመዘገብ ተቋም ላይ ዛሬ የክፍለ ከተማ ማኅተም ይመታል። ለጋሹ «ድጋፉ ለገጠር ብቻ ነው» ካለ፣ ማመልከቻው አናቱ ላይ «ከተማ» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

መፍትሔው ስሙን መደበቅ አይደለም፤ እውነታውን በቁጥር ማሳየት ነው። ሦስት ማስረጃዎች በጤና ጣቢያው እጅ አሉ። አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የያዙት የቤተሰብ ፎልደር ነው፤ ስንት አባወራና እማወራ በየመንደሩ እንዳለ ያሳያል። ሁለተኛው የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ነው። አድራሻ የሚለው ዓምድ በትክክል ከተሞላ፣ ለጤና ጣቢያው ከተደለደለው አካባቢ ውጭ ከሆኑ ሰፈሮች ስንት ሰው እንደሚመጣ ይቆጠራል። ሦስተኛው በዲኤችአይኤስ 2 (በጤናው ዘርፍ የኮምፒዩተር መረጃ ሥርዓት) የሚላከው ወርሃዊ ሪፖርት ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ለጋሹ ሳያያችሁ እናንተ እዩት፤ ልዩነቱ ለምን እንደመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። እርስ በርሱ የሚጣረስ ሪፖርት ብዙ ጥሩ ፕሮፖዛል አበላሽቷል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ተቋሙ በኦሮሚያ ሥር ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤውና የስምምነት ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጃል፤ በአዲስ አበባ ሥር ከሆነ በአማርኛ። ለጋሹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይፈልገዋል። ትርጉሙን በመጨረሻው ሳምንት ላይ መጀመር የማስረከቢያ ቀኑን ያሳልፋል።

ከውጭ ከመጠየቃችን በፊት በእጃችን ምን አለ?

በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ካመጣቸው ለውጦች አንዱ፣ ጤና ተቋማት ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት መፍቀዱ ነው። የውስጥ ገቢ የሚባለው እሱ ነው። መርሁ ግልጽ ነው፤ የውስጥ ገቢ በመደበኛው በጀት ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ጤና ጣቢያው ብዙ ሰበሰበ ተብሎ በጀቱ መቀነስ የለበትም።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ ባንክ ስላለ ብቻ አይወጣም። የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድ ዕቅዱን ያጸድቃል፣ ከዚያ በአካባቢው ምክር ቤት በበጀትነት ይታወጃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዱ በበልጉ ወራት ማለቅ አለበት። ቦርዱ ሳይሰበሰብ ሰኔ ከደረሰ ገንዘቡ እያለ መድኃኒት የለም። ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል፤ በአብዛኛውም የቦርድ ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊ ስለሆነና በሌላ ሥራ ስለሚጠመድ ነው። የስብሰባ ቀኖቹን በዓመቱ መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ ማስወሰን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ያድናል።

ሁለተኛው ምንጭ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው አገር ተስፋፍቷል። አባሉ ሲታከም ከኪሱ አይከፍልም፤ ጤና ጣቢያው ወጪውን መዝግቦ፣ ብዙውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ፣ ከመድኑ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የአባልነት ቁጥር ተሳስቶ ይጻፋል፤ የታዘዘው መድኃኒት ዋጋ ከመሸጫ ዋጋ ዝርዝሩ ጋር አይገጥምም፤ የታካሚው ፊርማ ይጎድላል፤ ወይም የዘንድሮ እድሳት ያላደረገ አባል በአምናው መታወቂያ ይታከማል። የመድኑ ኦዲተር እነዚህን አንድ በአንድ ይቀንሳቸዋል። አንድ ሠራተኛ በየዕለቱ ከሥራ መውጫ በፊት የቀኑን ቅጾች ቢያጣራ፣ ለውጭ ለጋሽ ከሚጻፍ ፕሮፖዛል ይልቅ ፈጥኖ ገንዘብ ያስገኛል።

ለጋሾችም ይህንን ያያሉ። የራሱን ገቢ በወቅቱ የሚሰበስብና ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ያለው ተቋም፣ ነገ የሚሰጠውን ዕቃ እንደሚንከባከብ ማስረጃ አለው ማለት ነው።

ከዚያስ የማንን በር እናንኳኳ?

ለአንድ ጤና ጣቢያ በሚመጥን መጠን የሚሰጡት በአብዛኛው ትንንሽ መርሐ ግብሮች ናቸው። የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ አንዱ ነው። ከማኅበራት በተጨማሪ የአካባቢ መስተዳድርና የሕክምና ተቋም ማመልከት ይችላሉ። ግንባታና መሣሪያ ይሸፍናል፤ ደመወዝ፣ አላቂ ዕቃና የዕለት ተዕለት ወጪ አይሸፍንም። ከሦስት አቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል፤ ሲያልቅም ኦዲት አለው። ካናዳና አውስትራሊያም በኤምባሲዎቻቸው በኩል የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ አላቸው፤ ትኩረቱ ግን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ የዘመኑን ጥሪ ማንበብ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመታቸው ከእኛ ጋር አይገጥምም፤ የጃፓንና የካናዳ የሚጀምረው በእኛ መጋቢት 23 ነው።

የበጎ አድራጎት ክለቦች ማኅበር የሆነው ሮታሪ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ግራንት ጠቅላላ በጀቱ ቢያንስ 30,000 ዶላር የሆነ ፕሮጀክት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ በቀጥታ አያመለክትም፤ እዚህ ያለ አንድ የሮታሪ ክለብና ውጭ አገር ያለ ሌላ ክለብ ተጣምረው ነው የሚያቀርቡት። አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ ክለቦች ስላሉ የመጀመሪያው እርምጃ ከአንዱ ጋር መነጋገር ነው። ሰው የሚሠራበትን ሕንፃ ግንባታ በመሠረቱ አይሸፍንም፤ መሣሪያ፣ ውሃና ሥልጠና ላይ ያተኩራል። የማኅበረሰቡ ፍላጎት አስቀድሞ መጠናቱን የሚያሳይ ሰነድ ካልተያያዘ አይታይም።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በኩል መሄድም ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ከውጭ ገንዘብ ማሰባሰብ ይችላል፤ በድሮው ሕግ የነበረው የ10 በመቶ ገደብ ተነስቷል። የአስተዳደር ወጪው ግን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አብሯችሁ ሊሠራ የመጣ ድርጅት የምዝገባ ሰርተፍኬቱን፣ የመጨረሻ ዓመት ኦዲቱንና የአስተዳደር ወጪውን ድርሻ እንዲያሳይ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ክልል ውስጥ ለመሥራት ከጤና ቢሮና ከገንዘብ ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈረም ስላለ ለዚያ ብቻ ወራት ያዙለት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ምንጭ ደግሞ በደጃቸው ነው። በሰበታ፣ በሆለታና በሱሉልታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች አሉ። የፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) ማረጋገጫ ያለው እርሻ ከአበባው ሽያጭ ዋጋ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ይህ ገንዘብ የባለቤቱ አይደለም። ሠራተኞቹ በሚመርጡት ኮሚቴ ውሳኔ ለራሳቸውና ለማኅበረሰቡ ጥቅም ይውላል። እናም ጥያቄው የሚቀርበው ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለሠራተኛ ኮሚቴው ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ የሚወልዱት፣ ልጅ የሚያስከትቡት እናንተ ጋ ነው። መዝገባችሁ የእርሻው ሠራተኞች ስንት ጊዜ እንደታከሙ ካሳየ ደብዳቤው ራሱ ይናገራል። ለገላንና ለዱከም ፋብሪካዎችም ያው መዝገብ ይሠራል።

የሰፈሩ ዕድሮችና የአካባቢው ተወላጅ ዳያስፖራዎችም አሉ። ከእነሱ የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ቢሆን እንኳ «የማኅበረሰቡ መዋጮ» ተብሎ በፕሮፖዛሉ ላይ ይገባል። ጉልበት፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የጥበቃ ሥራ ሁሉ በብር ተተምኖ ይጻፋል። ብዙ ለጋሽ ይህንን ዓምድ ባዶ ሲያየው ወደ ሚቀጥለው ማመልከቻ ያልፋል።

ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል? አንድ ሮቶ እንጠይቅ

«የውሃ እጥረት አለብን፣ ሮቶ ስጡን» ከማለት እንነሳና ወደ ሥራ የሚገባ ጥያቄ እናድርገው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ተቋማት ያወጣው መነሻ መጠን ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ 5 ሊትር፣ ለተኛ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ነው። በቀን 120 ተመላላሽ፣ 5 የተኙ፣ 3 ወሊድ ያለው ጤና ጣቢያ እንውሰድ። 120 በ5 ሲባዛ 600፤ 5 በ60 ሲባዛ 300፤ 3 በ100 ሲባዛ 300። በቀን 1,200 ሊትር ማለት ነው። የመስመር ውሃ በፈረቃ በአራት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ መጠራቀም ያለበት 4,800 ሊትር ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ፈረቃው አንድ ቀን ቢያልፍ በአምስተኛው ቀን አዋላጇ እጇን የምትታጠብበት የላትም። ስለዚህ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ።

ለምን ሁለት ቦታ? የመስመር ውሃ ግፊት በአብዛኛው ሌሊት ነው የሚመጣው፤ በደካማ ግፊት ከፍ ያለ ማማ ላይ ላይወጣ ይችላል። ከታች ያለው ሮቶ ውሃውን ይቀበላል፣ ፓምፕ ወደ ላይኛው ይገፋል፣ ከላይኛው በራሱ ክብደት ወደ ቧንቧዎቹ ይወርዳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ላይ ያለው ውሃ ይሠራል። አሁን ዝርዝሩ ያድጋል፦ ሁለት ሮቶ፣ አንድ ፓምፕ ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር፣ የሦስት ሜትር ማማ፣ መሠረቱ፣ ቧንቧና መገጣጠሚያ፣ ውሃው ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ፣ በማዋለጃና በላቦራቶሪ የእጅ መታጠቢያዎች፣ የሠራተኛ ዋጋ። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል። ማማው በሰፈር በያጅ ግምት ከተበየደ ይንጋደዳል፤ ስለዚህ የመሐንዲስ ንድፍ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። የዘርፉን መሐንዲስ ከከተማው ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ የእሱ ጊዜም በመዋጮ ዓምድ ይመዘገባል።

ከዚያ ለጋሹ በልቡ የሚይዘው ጥያቄ ይመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላስ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፦ ሮቶው በየስንት ወሩ ይታጠባል፣ ማን ያጥበዋል፣ ፓምፑ ሲቃጠል ወጪው ከየትኛው የውስጥ ገቢ መስመር ይወጣል። ቦርዱ ይህንን በቃለ ጉባኤ አጽድቆ ቅጂው ከተያያዘ፣ ከገጽ ብዛት በላይ ይመዝናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ውጤቱን ጤና ነክ በሆነ ቁጥር ጻፉ። «ሁለት ሮቶ ይተከላል» ሥራ ነው። «የማዋለጃ ክፍሉ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ውሃ ይኖረዋል፤ ይህም በየቀኑ በሚሞላ ቅጽ ይረጋገጣል» ውጤት ነው። ለጋሹ ለአለቆቹ የሚያቀርበው ሁለተኛውን ነው።

ብሩ ዋጋው ሲለወጥስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በብር የተፈረመ የመሣሪያ ግዢ ያለው ፕሮጀክት ሁሉ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ተንገዳግዷል። ከዚህ የሚወሰደው ጥንቃቄ፦ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) የተወሰደበትን ቀንና የምንዛሪ ዋጋውን በበጀቱ ግርጌ ጻፉ፤ ለጋሹ የሚፈቅድ ከሆነ የዋጋ ለውጥ መጠባበቂያ አስገቡ፤ ፕሮፎርማው የሚጸናበት ጊዜ ካለፈ ከማስረከባችሁ በፊት አድሱት። ዋጋ ቢንር መጀመሪያ የሚቀነሰው የትኛው ዕቃ እንደሆነም አስቀድማችሁ ወስኑ። አለበለዚያ በመጨረሻ የሚቀነሰው ተከላውና ሥልጠናው ይሆናል፤ መሣሪያውም በካርቶኑ ውስጥ ይቀራል።

ዕቃ እንላክላችሁ ቢሉንስ?

ውጭ ያለ ወገን በቅን ልቦና ኮንቴይነር ይሞላል። ከመላኩ በፊት መባል ያለበት አለ። መድኃኒት ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው ተቀባዩ የጠየቀው መሆን አለበት፤ አገር ሲገባም ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር የተጫነ መድኃኒት ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያልፍበታል፤ የመጋዘን ኪራይና የማስወገጃ ወጪ ደግሞ ተቀባዩ ላይ ይወድቃል።

መሣሪያ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። እኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣ ባለ 110 ቮልት መሣሪያ ያለ መቀየሪያ ከተሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል። ቀጥሎ መመሪያ መጽሐፉ፣ አላቂ ዕቃው (የኦክስጅን ማጣሪያ፣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት) አዲስ አበባ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ይጣራ። ሪኤጀንቱ የማይገኝ የደም መመርመሪያ ማሽን ጠረጴዛ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። የማይሆነውን «አመሰግናለሁ፣ ይህ ለእኛ አይሆንም፤ በምትኩ ይህ ቢሆንልን» ብሎ መመለስ ለጋሽ አያስቀይምም። ዝርዝሩን የያዘ ተቋም ይበልጥ ይከበራል።

የግል ክሊኒክስ?

ለትርፍ የተቋቋመ ክሊኒክ ከላይ ከተጠቀሱት ግራንቶች አብዛኛውን አያገኝም። ለእሱ የሚሆነው በአብዛኛው ከመንግሥት ጋር በሽርክና መሥራት ነው፤ ለምሳሌ የቲቢ ሕክምና እንዲሰጥ ከተመረጠ መድኃኒቱን በነፃ ያገኛል። ሪፖርት የማድረግ ግዴታውም አብሮ ይመጣል።

ገንዘቡ ወይም ዕቃው ከመጣ በኋላ ምን ይበላሻል?

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከወረቀት ነው። ዕቃው ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፣ ከመጋዘን ሲወጣ በሞዴል 22። መኪናው ማታ ደርሶ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛው ሄዶ፣ ዕቃው በቀጥታ ክፍል ከገባ ገቢ ሳይሆን ይቀራል። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ዕቃው በዓይን እየታየ በመዝገብ ግን የለም። በዓይነት የተሰጠ ነገር ዋጋው ተገምቶ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ካልተገለጸ ደግሞ የተቋሙ ንብረት ሆኖ አይመዘገብም፤ የጥገና በጀትም አይያዝለትም። ድጋፍ የሰጠ የአካባቢ ድርጅትም ደረሰኝና የምስክር ደብዳቤ ይፈልጋል፤ የግብር ሕጉ በተወሰነ ገደብና ሁኔታ ልገሳን እንደ ወጪ የሚይዝለት ማስረጃ ሲኖረው ነው።

ሁለተኛው የሰው መቀያየር ነው። ፕሮፖዛሉን የጻፈው የጤና ጣቢያ ኃላፊ ይዛወራል፣ ሰነዱ በግል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይሄዳል። የስምምነቱ፣ የፕሮፎርማዎቹና የሪፖርቶቹ ቅጂ በአንድ ፋይል ታስሮ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ከኃላፊው ሌላ አንድ ሰው በጽሑፍ ይወከልበት።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጭር ደብዳቤ ተጽፎ በየትኛው መመዘኛ ነጥብ እንደጎደለና የሚቀጥለው ጥሪ መቼ እንደሚወጣ ይጠየቅ። ሁሉም አይመልሱም፤ የመለሰው ግን ቀጣዩን ማመልከቻ እንዴት ማስተካከል እንዳለባችሁ ነገራችሁ ማለት ነው። ያንኑ ሰነድ፣ ፕሮፎርማው ታድሶ፣ የዘንድሮው የመዝገብ ቁጥር ገብቶበት፣ ለሌላ ማቅረብ ይቻላል። ለሁለት ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከቀረበ ሁለቱም ይወቁት፤ ሁለቱም ከፈቀዱ አንዱ ለሮቶው፣ ሌላው ለማዋለጃ ክፍሉ ዕድሳት እንዲውል ተነጋግሮ ስምምነቱን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ማስተካከል ይገባል።